የክላርኔት ነፊው ወንበር

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ወር በመኝታ ክፍላችን የተነሣ አንድ ክርክር ነው። የዚያን ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ፈተናም ገና ሩቅ ነበር። ስድስት ተማሪዎች በጨለማ ጋደም ብለው ከመከራከር በቀር ምን ሥራ ይኖራቸዋል? ነገሩ የተጀመረው ሁላችንም በምናውቀው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ‹‹ከምረቃ በኋላ ምን ልንሆን ነው?›› የሚለው ነው። ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የሚተኛው የኢኮኖሚክስ ተማሪ ‹‹ሰው ወይ ስሙን የሚያስጠራ ሥራ ይሠራል፤ ወይ ደመወዙን እየበላ ያረጃል፤ ሦስተኛ መንገድ የለም›› ብሎ ፈረደ። የቀሩትም ‹‹እውነት ነው፤ እውነት ነው›› እያሉ ፍርዱን አጸደቁለት። እኔ ግን ዝም ማለት አቅቶኝ ‹‹አለ እንጂ!›› አልሁ። ‹‹እስቲ ጥቀስ›› ቢሉኝ ‹‹በኦርኬስትራ ውስጥ ክላርኔት የሚነፋ ሰው›› ብዬ መለስሁ።

የሳቁት ሳቅ እስከ ላይኛው ፎቅ ሳይሰማ አልቀረም። አልፈርድባቸውም። ከአልጋዬ ሥር ያለውን ጥቁር ሣጥን ያውቁታል፤ ማታ ማታ ስለማመድም ጆሯቸውን በትራስ መሸፈን ከለመዱ ቈይተዋል። ነገር ግን የተናገርሁት ለቀልድ አልነበረም። በዚያች ሌሊት መልሴን በቅጡ ማስረዳት ስላልቻልሁ፣ እነሆ ዛሬ የኅብረታችን መጽሔት ገጽ ሰጥቶኛልና ማንም ሳያቋርጠኝ ልናገር።

አስቀድሜ ነገሩ ለምን የግሌ ጉዳይ እንደ ሆነ መግለጽ ይገባኛል። አያቴ ሃምሳ አለቃ ነበሩ፤ ነገር ግን ጠመንጃ ከያዙበት ጊዜ ይልቅ ክላርኔት የያዙበት ጊዜ ይበልጣል። ከ1957 እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ በአንድ የወታደር ባንድ ውስጥ ሁለተኛ ክላርኔት ነፊ ነበሩ። እኔ ሕፃን ሳለሁ ይህ ‹‹ሁለተኛ›› የሚባለው ቃል አይጥመኝም ነበር። በትምህርት ቤት ሁለተኛ የሚወጣው አንደኛ መውጣት ያቃተው ልጅ ነውና አያቴንም እንደዚያው ቈጠርኋቸው። አንድ ቀን ‹‹አባባ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ አንደኛ ሆነው አያውቁም?›› ብዬ ጠየቅኋቸው። ‹‹ሆኛለሁ እንጂ›› አሉኝ፤ ‹‹አንደኛው ሲታመም። ሦስት ጊዜ ታሟል።›› ይህን ሲናገሩ እርሳቸው ቅር ያላቸው አይመስሉም ነበር። ቅር ያለው እኔን ነው።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ባንዱም ተበተነ። መሣሪያው የመንግሥት ንብረት ስለ ነበረ አያቴ በዕቃ ቤቱ በር ላይ ፈርመው አስረከቡ። ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ይዘው የወጡት በኮታቸው ኪስ የነበረውን የሪድ ፓኮ ብቻ ነው። ሪድ ማለት ከሸምበቆ የተላገች፣ በክላርኔቱ አፍ ላይ ታስራ በትንፋሽ የምትንቀጠቀጥ ስስ ምላስ ናት። ያለ እርስዋ ክላርኔት ጥቁር ዱላ ነው፤ ያለ ክላርኔትም እርስዋ ስንጥር ናት። አያቴ ግን ያንን ፓኮ ለብዙ ዓመት በመሳቢያ አስቀመጡት። በኋላ እናቴ ሥራ ስትይዝ ከመርካቶ አንድ ያረጀ ክላርኔት ገዛችላቸው። እኔም የተማርሁት በእርሱ ነው፤ ዛሬ ከአልጋዬ ሥር የሚገኘውም እርሱው ነው። አያቴ ካረፉ ሁለተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል።

ወደዚህ ግቢ እንደ መጣሁ በተማሪዎች የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ገባሁ። በአንደኛው ዓመት መጨረሻ በተደረገው ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን የምነፋው ስምንት ባር ተሰጠኝ። ባር የሚባለው ኖታ በመስመር ተከፍሎ የሚቈጠርበት ክፍል ነው። ከስምንቱ በፊት ሠላሳ ሁለት ባር ዝም ብዬ መቀመጥ ነበረብኝ። እኔም ተቀመጥሁ፤ ነገር ግን በሦስተኛው ረድፍ አንዲት የክፍላችን ልጅ ተቀምጣ ነበርና ቍጥሬ ከእኔ ዘንድ አልነበረም። አንድ ባር ቀድሜ ገባሁ። ከበሮ መቺው ዞር ብሎ ያየኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ምናልባትም ከጓዱ ሌላ ያወቀ ሰው አልነበረም። እኔ ግን በማግሥቱ ለአያቴ ደውዬ ‹‹ከእንግዲህ አልነፋም›› አልኋቸው።

‹‹ኖታው ስንት ባር ዝም በል ይላል?›› ብለው ጠየቁኝ።

‹‹ሠላሳ ሁለት።››

‹‹አንተስ ስንት ዝም አልህ?››

‹‹ሠላሳ አንድ ሳይሆን አይቀርም።››

‹‹እንግዲያው የነፋኸው ደኅና ነው፤ የተሳሳትኸው ዝምታውን ነው። ልጄ፣ ዝምታውም እኮ ተጽፏል›› አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በታላላቅ ኦርኬስትሮች ውስጥ ስለሚነፉ ሰዎች ማንበብና ቀረጻቸውን ማዳመጥ ጀመርሁ። ዝምታ የተጻፈለት ሰው እንዴት ያለ ኑሮ ይኖር ይሆን? ከሁሉም ይልቅ ልቤን የሳበው የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ ክላርኔት ነፊ የነበረው ስታንሊ ድራከር ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1929 ብሩክሊን ውስጥ ተወለደ። ዐሥር ዓመት ሲሞላው ወላጆቹ ክላርኔት ሰጡት፤ በዚያን ጊዜ ቤኒ ጉድማን የተባለው የጃዝ ክላርኔት ነፊ ስሙ በአሜሪካ ምድር ሁሉ የገነነበት ዘመን ነበርና። ልጁም ሊዮን ሩሲያኖፍ ከተባለ መምህር ዘንድ ተማረ። በዐሥራ ስድስት ዓመቱ፣ እኛ ገና ከማትሪክ ጋር በምንታገልበት ዕድሜ ማለት ነው፣ በኢንዲያናፖሊስ ኦርኬስትራ ተቀጠረ። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ ኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ ገባ። የገባው ግን አንደኛ ሆኖ አይደለም፤ የአንደኛው ረዳት ሆኖ ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ከሌላ ሰው አጠገብ ተቀምጦ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ሌናርድ በርንስታይን አንደኛ ክላርኔት አድርጎ ሾመው። ከዚያም በኋላ እስከ 2009 ድረስ ከወንበሩ አልተነሣም።

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ይህን ዘመን አስበው። ሰውየው ሲገባ በአገራችን የገዛ ዩኒቨርሲቲያችን እንኳ አልተቈረቈረም ነበር፤ ሲወጣ እኛ ፊደል ቈጥረን ነበር። ሚትሮፑሎስ መጥቶ ሄደ፤ በርንስታይን መጥቶ ሄደ፤ ቡሌዝ፣ ሜታ፣ ማዙር፣ ማዜልም በየተራቸው በትራቸውን ይዘው ቆሙ። መሪዎቹ ሲፈራረቁ ክላርኔት ነፊው ግን እዚያው ነበር። ጊነስ የተባለው የክብረ ወሰን መዝገብ ከክላርኔት ነፊዎች ሁሉ ረዥሙን የሥራ ዘመን የሠራ ሰው ብሎ ስሙን ጽፎታል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 በ93 ዓመቱ ዐረፈ።

አሁን የኢኮኖሚክስ ተማሪው ጓደኛዬ እርሳሱን ያንሣ። ድራከር ከዚያ ኦርኬስትራ ጋር ከ10,000 በላይ ኮንሰርት ተጫውቷል። ከኦርኬስትራው ፊት ቆሞ፣ ስሙ በፕሮግራሙ ላይ በጉልህ ተጽፎ፣ ብቻውን የነፋበት ጊዜ ግን ሁለት መቶ አይሞላም። ስለዚህ ከመቶ ሌሊት ሁለቱን እንኳ በግንባር አልቆመም ማለት ነው። የቀሩትን ዘጠና ስምንት ሌሊቶች የት ነበረ? በመካከል፣ ከፍሉቶቹ ኋላ፣ ከባሱኖቹ ጎን ተቀምጦ ነበር። ይህ እንግዲህ በዓለም ከታወቁት ክላርኔት ነፊዎች የአንዱ ኑሮ ነው። የቀሩትንማ ማን ይቈጥራቸዋል?

በመካከል ተቀምጦ የሚሠራው ሥራ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ላላየው ሰው ጥቂት ልግለጽ። ክላርኔት ነፊ ወደ መድረክ የሚወጣው ሁለት ክላርኔት ይዞ ነው፤ አንዱ የቢ ፍላት፣ ሁለተኛው የኤ ይባላል። እንደ ዜማው ቅኝት በመካከል ይለዋውጣቸዋል። ያልተነፋው ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘም መሣሪያ ድምፁ ይወርዳል። ስለዚህ ነፊው በዝምታው ጊዜ እንኳ ለሚቀጥለው መሣሪያ ማሰብ አለበት። የክላርኔቱ አካል የሚሠራው ከጥቁሩ የአፍሪካ እንጨት ነው፤ ዛፉ በይበልጥ ከታንዛንያና ከሞዛምቢክ ይቈረጣል፣ በአገራችንም በምዕራቡ ቆላ ይበቅላል። ሪዱ ደግሞ በየወንዛችን ዳር ከምናውቀው የሸምበቆ ወገን ነው፤ ዝነኛው የሪድ ሸምበቆ የሚበቅለው ግን በደቡብ ፈረንሳይ በቫር አውራጃ ነው። ሪድ እንደ ሰው ጠባዩ ልዩ ልዩ ነው፤ ትናንት ደኅና የነበረው ዛሬ ያኰርፋል። ነፊዎች ከአንድ ፓኮ ለመድረክ የሚመርጡት ጥቂቱን ብቻ ነው። አያቴም ሪዳቸውን በምላሳቸው አርሰው፣ ወደ ብርሃን አንሥተው ሲመለከቱ እህል የሚያበጥሩ ይመስሉ ነበር።

ስለ ዝምታም አንድ ምሳሌ ልጨምር። ቻይኮቭስኪ ስድስተኛ ሲምፎኒውን እ.ኤ.አ. በ1893 በሴንት ፒተርስበርግ ራሱ መርቶ አሰማ፤ ከዘጠኝ ቀን በኋላም ሞተ። በመጀመሪያው ክፍል መካከል ኦርኬስትራው ሁሉ ቀስ በቀስ ይወጣና ክላርኔቱ ብቻውን ይቀራል። ዜማውን እየደጋገመ፣ ድምፁን እያሳነሰ፣ እያሳነሰ ይወርዳል። የመጨረሻዎቹን አራት ድምፆች ቻይኮቭስኪ የጻፈው ለባሱን ነው፤ ቀስ ብለህ ንፋ የሚለውን ምልክት ስድስት ጊዜ ደርድሮበታል። ባሱን ያን ያህል ዝቅ ማለት ስለሚከብደው ብዙ መሪዎች አራቱን ድምፆች ለባስ ክላርኔት ይሰጡታል። አስተውሉ፤ ይህ ሰው በኖታው ላይ ስሙ የለም። ተቀምጦ ይቈያል፤ አንደኛው ክላርኔት እስኪጨርስ በዝምታ ይጠብቃል፤ ከዚያም ከእጁ ተቀብሎ አራት ድምፅ ብቻ ይነፋል። ከዚያ ወዲያው ኦርኬስትራው እንደ መብረቅ ይፈነዳል። አድማጩ መብረቁን ያስታውሳል። ይሁን እንጂ መብረቁን መብረቅ ያደረገው ከፊቱ የነበረው ጸጥታ ነው። ይህን ክፍል በሰማሁ ቍጥር ‹‹አንደኛው ሲታመም›› የሚለው የአያቴ ቃል ትዝ ይለኛል።

እስከዚህ ድረስ ብቻ ብናገር ጓደኞቼ ‹‹ትዕግሥትን እየሰበክኸን ነው›› ብለው ይነሡብኛል። እኔም ስጀምር ያሰብሁት ይህንኑ ነበር፤ የድራከር ትዕግሥት ገርሞኝ ነበርና። በኋላ ግን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ። አያቴስ ትዕግሥት ጎደላቸው? ሃያ ስድስት ዓመት አልጠበቁም? አልቈጠሩም? ድራከርን ስድሳ ዓመት ያስቀመጠው፣ አያቴን ግን በአንድ ቀን ያስነሣው ምንድን ነው?

መልሱን ያገኘሁት ሰዎቹን ትቼ ወንበሮቹን ስመረምር ነው። የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1842 ነው። ድራከር የተቀመጠበት ወንበር ከእርሱ መወለድ በፊት ከሰማንያ ዓመት በላይ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ደግሞ የኦርኬስትራው አባሎች የዓመቱን ሃምሳ ሁለት ሳምንት ሁሉ የሚያካትት የሥራ ውል አገኙ፤ ሙዚቀኛ በክረምት ሌላ እንጀራ ፍለጋ መዞሩ ቀረለት። ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ተሰጥኦ አይደለም። ይህ ቤት ነው። ሰው ሲያልፍ የማያልፍ፣ መሪው ሲለወጥ የማይፈርስ ቤት። እኛ ‹‹ጐበዝ ነው፤ ተሰጥኦ አለው›› እያልን ሰውን እናደንቃለን፤ ተሰጥኦው ስድሳ ዓመት የሚቀመጥበትን ወንበር ግን ማን እንደ ሠራው አንጠይቅም።

ቤቱ ትንሽ ቢሆንም ግድ የለም። በጀርመን አገር ማይኒንገን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ መስፍኗ ከድሮ ጀምሮ ኦርኬስትራ ያቆም ነበር። ሪሻርድ ሙልፌልድ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1873 በዚያ ኦርኬስትራ ቫዮሊን መቺ ሆኖ ተቀጠረ። እዚያው ተቀምጦ ክላርኔትን በራሱ ተማረና አንደኛ ክላርኔት ሆነ። ብራምስ እ.ኤ.አ. በ1890 ሥራዬን ጨርሻለሁ፣ ከእንግዲህ አልደርስም ብሎ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ማይኒንገን ሄዶ ይህን ሰው ሰማ። ብዕሩን እንደ ገና አነሣ፤ ለክላርኔት አንድ ትሪዮ፣ አንድ ኲንቴት፣ ቈይቶም ሁለት ሶናታ ጻፈ። ዛሬ በዓለም ያለ የክላርኔት ተማሪ ሁሉ እነዚህን ይማራል። እንግዲህ በአንዲት ትንሽ ከተማ አንድ የክላርኔት ወንበር ባይኖር ኖሮ እነዚያ አራት ሥራዎች ባልተጻፉም ነበር።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ሌላ ታሪክ አለ። ጆን ኮሪሊያኖ የተባለው የሙዚቃ ደራሲ አባቱ በኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ የቫዮሊኖቹ አለቃ ነበር፤ ስለዚህ ልጁ የኦርኬስትራውን ሰዎች ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃቸው ነበር። አባቱ ከሞተ በኋላ ለድራከር የክላርኔት ኮንሰርቶ ጻፈለት፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1977 በርንስታይን እየመራ ተሰማ። ሁለተኛው ክፍል የአባቱ መታሰቢያ ነው፤ በውስጡ ክላርኔቱና አንድ ቫዮሊን እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ። ቫዮሊኑ የሚሰማው አባትየው ለብዙ ዓመት ከተቀመጠበት ከዚያው ከአለቃው ወንበር ነው። ሰውየው የለም፤ ወንበሩ ግን ስለ እርሱ ይናገራል። ይህን ሳነብ በዕቃ ቤት በር ላይ የፈረሙት አያቴ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። የእርሳቸው ወንበር የት አለ? ማንስ ይናገርበታል?

ዳሩ ግን ወንበርን ሳመሰግን በሩን መርሳት አይገባኝም፤ ቤት ያለው ሁሉ በሩን የመዝጋት ፈተና አለበትና። እ.ኤ.አ. በ1982 ካራያን የተባለው የበርሊን ፊልሃርሞኒክ መሪ ዛቢነ ማየር የምትባል ወጣት ክላርኔት ነፊ እንድትቀጠር ፈለገ። ኦርኬስትራው እስከዚያ ዓመት ድረስ ከአባሎቹ መካከል አንዲት ሴት አልነበረችውም። አባሎቹ ድምፅ ሰጡ፤ 73 እምቢ፣ 4 እሺ። ምክንያታቸው ድምፅዋ ከእኛ ድምፅ ጋር አይዋሐድም የሚል ነበር። በመሪው ብርታት ለሙከራ ገብታ በ1984 ለቀቀች። እርስዋ ግን ብቻዋን እየቆመች በዓለም መድረኮች የታወቀች ሆነች። በሌላ በኩል የድራከር ወንበር ከእርሱ በኋላ ለጥቂት ዓመት ቋሚ ባለቤት ሳያገኝ ቈይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 አንቶኒ ማክጊል የተባለ የቺካጎ ልጅ ተቀመጠበት። በዚያ ኦርኬስትራ ታሪክ በየመሣሪያው አንደኛ ከሆኑት መካከል የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ እርሱ ነው። ቤቱ ከተመሠረተ 172 ዓመት ሆኖት ነበር። እንግዲህ ወንበሩ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ የሚገባው ሰው እንዲቀመጥበት በሩን ክፍት ማድረግም ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ወንበሩ ከሌለ የበሩ ክርክርም የለም።

ወደ ቤታችን ስመለስ፣ እኛም ወንበር ሳንሠራ የቀረን አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1924 ‹‹አርባ ልጆች›› የተባሉት የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከኢየሩሳሌም መጥተው፣ ኬቮርክ ናልባንዲያን እያስተማሩዋቸው የአገራችን ባንድ ሆኑ። ከዚያም በኋላ የክብር ዘበኛው፣ የፖሊሱ፣ የጦሩ፣ የማዘጋጃ ቤቱ፣ የቴአትሩ እየተባለ ባንዱ በረከተ። በሳክስፎን ሽለላቸው የምናውቃቸው ጌታቸው መኩሪያ ክላርኔትም ይነፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ ጀምረው፣ በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተሸጋገሩ። ከአንዱ ሲነሡ የሚቀመጡበት ሌላ ወንበር ነበረ ማለት ነው። ታላቅ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን አጠገባቸው ተቀምጠው ሁለተኛና ሦስተኛ ሲነፉ የኖሩትን ስማቸውን ከእኛ መካከል የሚያውቅ አለ? እኔ አላውቅም። የአያቴንም ስም ማንም አያውቅም። ለዚህ አሁን አላዝንም። የማዝነው ከእርሳቸው በኋላ በዚያ ወንበር ላይ ማንም ስላልተቀመጠ ነው።

ለኢኮኖሚክሱ ተማሪ የምሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ሦስተኛ መንገድ አለ። እርሱም አስቀድሞ የነበረን ወንበር ተቀብሎ፣ በሚገባ ተቀምጦ፣ የሚቈጠረውን ቈጥሮ፣ ለሚመጣው ማስረከብ ነው። መምህርም ቢሆን፣ ነርስም ቢሆን፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛም ቢሆን በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ስም ቢመጣ እሰየው፤ ባይመጣ ግን ሰውየው ደመወዝ በላተኛ ሆኖ ቀረ ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን ጓዳ ልግባ። በግቢያችን የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ዐሥራ አንድ ነን። በዚህ ዓመት እኔን ጨምሮ አራታችን እንመረቃለን። መለማመጃችን ከወንበር ማከማቻ ጋር የምንጋራት አንዲት ክፍል ናት፤ ቁልፍዋን ለማግኘት የምንለምነው ልመና ራሱን የቻለ ዜማ ወጥቶታል። ባለፈው ሳምንት ስንሰበሰብ ‹‹በሚቀጥለው ዓመት ጓዱ አይኖርም›› የሚል ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ተነገረ። የተናገረው ሰው በሐዘን አልተናገረውም፤ እንደ ዋዛ ነው የተናገረው። እኔን ያስደነገጠኝም ይኸው ነው። የአያቴ ባንድ የተበተነው በመንግሥት ለውጥ ነው፤ የእኛ ግን በዋዛ ሊበተን ነው።

የእኔም ሐሳብ እስከዚያ ቀን ድረስ ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ሣጥኔን ይዤ ወደ ቤቴ መሄድና ክላርኔቱን ለአያቴ መታሰቢያ ከፎቶግራፋቸው ሥር ማስቀመጥ ነበር አሳቤ። ለእናቴ ስነግራት ‹‹እኔ የገዛሁት እንዲነፋ ነው፤ እንዲታይ አይደለም›› አለችኝ። ሦስት ቀን አሰብሁበት። ዕቃው የአያቴ ትንፋሽ የገባበት ነው፤ ለማላውቀው ሰው መስጠት ከብዶኝ ነበር፤ ዛሬም አልቀለለኝም። ነገር ግን ወስኛለሁ። ክላርኔቱ እዚሁ ከጓዱ ጋር ይቀራል።

ስለዚህ ከአንደኛ ወይም ከሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች መካከል፣ ወንድም ሆነ እኅት፣ መማር የሚወድ ቢኖር፣ ማክሰኞና ዐርብ ከዐሥራ አንድ ሰዓት በኋላ በመለማመጃው ክፍል ይፈልገኝ። ኖታ ማወቅ አያስፈልግም፤ አስተምራለሁ። እስከ ምረቃ አራት ወር አለን። ቦታው ሁለተኛ ክላርኔት ነው። በመጀመሪያው ዓመት አብዛኛው ሥራ መቍጠር እንደ ሆነ ከወዲሁ አስታውቃለሁ። እኔ ለራሴ የምወስደው በመሳቢያው የቀረውን የአያቴን የሪድ ፓኮ ብቻ ነው።